አውራ ጣት የጠቆመው

እናቴ ኮምፒውተር ታስተምር ነበር፤ እኔ ግን ነፍስ እስካውቅ ድረስ ጥንቆላ የምታስተምር ይመስለኝ ነበር።

አትሳቁብኝ፤ ጥፋቱ የቃሉ ነው። በእኛ አገር አድራሻ «አላማት» ይባላል። ወደፊት የሚመጣውን ነገር ቀድሞ የሚያሳብቅ ምልክትም «አላማት» ነው። የአባቴ እናት ኒኒ የምታውቀው ሁለተኛውን ብቻ ነበር። ቢራቢሮ ቤት ከገባ እንግዳ ሊመጣ ነው፤ አላማት ነው። አውራ ዶሮ ያለ ሰዓቱ ከጮኸ ከሰፈሩ ልጃገረዶች አንዷ ጉድ አፍልታለች፤ አላማት ነው። የግራ ዓይን ከተርገበገበ እንባ አለ፤ ይኼም አላማት ነው። ኒኒ ቀኑን ሙሉ አላማት ስትለቅም ነበር የምትውለው። በዚህ ላይ እናቴ በፊት ለፊቱ ክፍል ሰሌዳው ጋ ቆማ፣ ለተሰበሰቡት የኮሌጅ ልጆች ድምጿን ከፍ አድርጋ «ሜሞሪ ውስጥ የተቀመጠ ነገር ሁሉ አላማት አለው፤ አላማቱን ያወቀ ነገሩን ያገኘዋል» ስትል ብትሰሙ እናንተስ ምን ትሉ ነበር?

ቤታችን ባንዱንግ በምትባል ከተማ፣ ሁለት ሞተር ብስክሌት ጎን ለጎን የማያሳልፍ ቅያስ ውስጥ ነው። በፊት ለፊቱ ክፍል ኮምፒውተሮቹ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረው አረንጓዴ ፊደል እየተፉ ይውላሉ። ከሰፈሩ ቤት ሁሉ ማቀዝቀዣ የተገጠመለት ያ ክፍል ብቻ ነበር፤ ጫማውን ተጫምቶ የሚገባበትም አልነበረም። አቧራ የማሽን ጠላት ነው ትላለች እናቴ። ስለዚህ በራችን ላይ ሁልጊዜ ነጠላ ጫማ ተከምሮ ይውላል። ማታ ማሽኖቹ ሲጠፉ ደግሞ ኒኒ ከአሮጌ የባቲክ ጨርቅ የሰፋችላቸውን ልብስ ይለብሳሉ። አባቴ በእያንዳንዳቸው ግንባር ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጽፎባቸዋል። ሰባትን ሲጽፍ ወገቧ ላይ ጭረት ያደርግላታል፤ «መቀነት ካላሰርኩላት ከአንድ ጋር ትምታታብኛለች» ይል ነበር።

አባቴ፣ ሶባሪ ነው ስሙ፣ ባታም ወደሚባለው ደሴት የሬዲዮ ዕቃ የሚገጣጠምበት ፋብሪካ ሊሠራ ሄደ። የሄደ ለታ አልቅሼ ሸሚዙን አልለቅም ብለው ቁጭ አለና «ቲታዬ፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመጪ በሩ ላይ ጫማዬን ታያለሽ። ያኔ ውስጥ ነኝ ማለት ነው» አለኝ። ቡናማ ነጠላ ጫማ ነበር፤ ማሰሪያው ተበጥሶበት በሽቦ ጠግኖታል። መጀመሪያ ላይ በየሳምንቱ በጎረቤታችን ሱቅ ስልክ ይደውል ነበር። ቀጥሎ አልፎ አልፎ ሆነ። ከዚያ ዝም አለ።

እኔ ግን ከትምህርት ቤት ስመለስ የጫማውን ክምር ሳልበረብር አልገባም። ኒኒ በመስኮት ታየኛለች።

«አለ?»

«የለም፣ ኒኒ።»

«አውቄዋለሁ እኮ! ዛሬ የተርገበገበው ግራው ነው። ነይ በይ፣ ሩዝሽ ቀዘቀዘ። አይ የእኔ ልጅ፣ ጆሮዋም ቁርጥ እሱን!»

አንደኛዋ ጆሮዬ ከሌላዋ ወጣ ትላለች። የአባቴም እንደዚያው ነበረች። ኒኒ ስትቆጣኝም ስታቆላምጠኝም የምትይዘኝ በዚያች ጆሮ ነው።

ያን ጊዜ እናቴ የምታስተምረው ሲ የሚባል ቋንቋ ነበር። ስሙ አንድ ፊደል ብቻ የሆነ ቋንቋ የሚናገር ሕዝብ የት አገር እንደሚኖር ብጠይቃት «አፍ የላቸውም፣ ስለዚህ አይናገሩም» ብላ ቀለደችብኝ። እኔም አመንኳት። ትምህርቱ ጠቋሚ የሚባለው ነገር ላይ ሲደርስ ክፍሉ ጭጭ ይላል፤ ጎበዝ የሚባሉትም ራሳቸውን ማከክ ይጀምራሉ። እኔ ጥግ ላይ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ያቺን ጆሮዬን ቀስሬ አዳምጣለሁ።

«ጠቋሚው ቤቱ አይደለም» ትላለች እናቴ። «ጠቋሚው የቤቱን ቁጥር የጻፋችሁባት ብጣሽ ወረቀት ናት። ቤቱ ውስጥ ሩዝ አለ፣ ወንበር አለ፣ ሰው አለ። ወረቀቷ ላይ ያለው ግን ቁጥር ብቻ ነው። ገባችሁ?»

«ቤቱ ቢፈርስስ፣ መምህርት?» አለ ዩዲ። ዩዲ ካልቀለደ የበላው የማይፈጭለት ተማሪ ነው።

«ወረቀቷ አብራ አትፈርስም። ጣጣው እሱ ነው።» እናቴ ጠመኔውን አስቀመጠች። «ቦታውን ስትለቁት ማሽኑ ለሌላ ይሰጠዋል። ወረቀቷ ግን ያንኑ ቁጥር ይዛ ኪሳችሁ ውስጥ አለች። ሄዳችሁ ብታንኳኩ በሩ ይከፈትላችኋል። ሰው አለ። የእናንተ ሰው ግን አይደለም። ማሽኑ ደግሞ ተሳስታችኋል ብሎ አይነግራችሁም፤ እዚያ ያገኘውን አንስቶ ነው የሚሰጣችሁ።»

«ታዲያ እዚህ ጋ ያለው ማን ነው?» ብሎ ዩዲ በሌባ ጣቱ ስክሪኑን ጠቆመ።

እናቴ በማስመሪያው ጣቱን ነካ አደረገችው። «በአውራ ጣት! ያሳደገህ የለም እንዴ? ማሽንም ቢሆን አክብረው።»

«ውይ መምህርት! ጠቋሚ እያስተማሩን በጠቋሚ ጣት አትጠቁሙ ይሉናል?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እናቴም ሳቀች። ዩዲ ግን እንደ ጨዋ ልጅ አራቱን ጣቶቹን አጥፎ፣ አውራ ጣቱን ከላይ አጋድሞ፣ ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን እንደገና ጠቆመ። እኛ ዘንድ ሰው የሚያሳየው እንደዚህ ነው፤ መንገድ ሲያሳይም፣ ወንበር ሲጋብዝም፣ ሰው ሲያስተዋውቅም።

የዝናቡ ወራት ሲገባ የእናቴ ታናሽ ወንድም ኦጃት መንገድ ተነሣ። ማንግ ኦጃት ነበር የምለው፤ አጎቴ ማለቴ ነው። በክፍሉ ውስጥ የተበላሸውን ማሽን የሚጠግነው እሱ ነው፤ ሲ የሚባለውንም ቋንቋ ከእናቴ ተምሯል። ለኒኒና ለእኔ የተነገረን የማሽን መለዋወጫ ሊያመጣ ወደ ባታም እንደሚሄድ ነው። እኔ ባታም የሚለውን ስሰማ ልቤ ዘለለች። ኒኒም ዓይኗ በራ። ማንግ ኦጃት ሊሰናበታት ዝቅ ብሎ እጇን ስሞ ግንባሩን ሲያሳርፍበት «ልጄን ታየዋለህ አይደል? እናትህ ደህና ናት በለው። ቢራቢሮ ገብቶልናል በለው» አለችው። እሱ ግንባሩን ከእጇ ላይ ቶሎ አላነሣም።

የተመለሰው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ዝናቡ እየወረደ። ተማሪዎቹ ወጥተዋል። ኒኒ ከመስተዋቱ በር ወዲያ ማዶ ኦቾሎኒ እየፈለፈለች ነው። እኔ ሰባተኛው ማሽን ፊት ወለሉ ላይ ተቀምጬ በዲስኬት ቤት እሠራለሁ። ማንግ ኦጃት ጸጉሩን በፎጣ እያደረቀ ገባ፤ መለዋወጫ የሚባል ነገር በእጁ የለም። እናቴ ወንበር ሳበችለት።

«እህ? አገኘኸው?» አለችው።

ማንግ ኦጃት መጀመሪያ እኔን አየኝ፤ ቀጥሎ በመስተዋቱ ኒኒን አየ። «ጠቋሚው ልክ ነው፣ እቴ» አለ። «አላማቱም አለ። ቦታው ግን ተለቋል። ለሌላ ተሰጥቷል።»

«ለማን?»

«ለሌላ… ለሌላ ፕሮግራም።»

«ማንግ! አባዬን አገኘኸው?» አልኩ እኔ።

«ስለ ፕሮግራም ነው የምናወራው፣ ቲታ» አለች እናቴ ዞር ሳትል። «ቤትሽን ሥሪ።» ከዚያ ወደ እሱ፦ «ስትጠራው ምን መለሰ?»

«ከአሁን በኋላ አትጥሩኝ አለ።»

እናቴ ከጠረጴዛው ላይ የዲስኬት ሽፋን አንሥታ አቧራ ነፋችበት። አቧራ አልነበረውም። «ጊዜያዊ ነው ወይስ ሥር ሰዷል?»

«ልጅ አለው።»

እዚህ ላይ አላስቻለኝም። «ፕሮግራም ልጅ ይወልዳል እንዴ?»

«ይወልዳል» አለች እናቴ። «ዛፍ የሚባል አሠራር አለ። እዚያ ላይ ወላጅ አለ፣ ልጅ አለ። ስታድጊ ትማሪዋለሽ።»

አልዋሸችም። ዛሬ እኔ ራሴ ለማሽን ፕሮግራም እየጻፍኩ ነው እንጀራዬን የምበላው፤ በሙያችን ዛፍ አለ፣ ወላጅም ልጅም አለ። እናቴ በዚያች ሰዓት እንኳ ትምህርቷን አላበላሸችም።

 የማቀዝቀዣው ውኃ ከውጭ ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ከዚያ እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ማንን ይመስላል?» አለችው።

ማንግ ኦጃት አራቱን ጣቶቹን አጠፈ። አውራ ጣቱን አጋደመና፣ ታላቅ ሰው እንደሚያሳይ ሰው በአክብሮት፣ ወደ እኔ በኩል ዘረጋው።

ዞር ብዬ ከኋላዬ ምን እንዳለ አየሁ። መቀነቷን የታጠቀችው ሰባት ከነማሽኗ ተቀምጣለች።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ግልጽ ሆነልኝ። አባቴ ሰባተኛው ማሽን ውስጥ ነው! አላማቱ እዚያ ነው፤ ሌላ ሰው ገብቶ ቦታውን ይዞበታል፤ ቦታው እስኪለቀቅለት ይጠብቃል። ለዚህ ነው የማይደውለው። ለካስ ለዚህ ነው እናቴ ቀን ከሌት እዚህ ክፍል የማትጠፋው! እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር ደብቀውኝ እኔ በጫማ ክምር ስዳክር መክረሜ አበሳጨኝ።

ከዚያ ወዲያ ለሰባት ያላደረግኩላት ነገር የለም። ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ደህና ዋል እላታለሁ፤ ውስጧ ላለው ሰው ነው ሰላምታው። ተማሪ የፊደል መምቻ ሰሌዳዋን ሲደበድብ «ቀስ!» ብዬ እጮኽበታለሁ። የተጠበሰ ሙዝ ከጀርባዋ አስቀምጬ ጉንዳን አስወርሬአታለሁ። ዩዲ ታዲያ ልቅም አድርጎ አየኝና «መምህርት፣ ልጅዎ ማሽን ልታገባ ነው፣ ሽማግሌ ልከው ይጨርሱላት» ብሎ ሲያስቅብኝ ከረመ።

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሣኝ። እናቴ ስታስተምር «መብራት ሲጠፋ ሜሞሪ የያዘውን ሁሉ ይረሳል፤ አንድም አይቀር» ስትል ሰምቻለሁ። እሷው ራሷ ደግሞ በየቀኑ ከመግሪብ ሶላት በፊት ማሽኖቹን እየዞረች ታጠፋለች። ያ አላህ! አባቴን በየቀኑ እያስረሳችው እኮ ነው!

ዘዴ ፈለግሁ። «ሰባትን እኔ ላጥፋት» አልኳት። ትልቅ የሆንኩ መስሏት ደስ አላት። ስክሪኑ ሥር ብርሃኑን የምትቀንስ ክብ መዞሪያ አለች። እሷን አዞርኳት፤ ፊደሎቹ እየፈዘዙ ሄደው ጠፉ። ማሽኑ ግን ውስጥ ውስጡን ያጉረመርማል። የባቲክ ልብሱን ከላዩ ጣል አደረግሁበት፤ ትንሿ የፊት መብራቱም ተሸፈነች። «ደህና እደር፣ አባዬ» አልኩና ወጣሁ። በማግሥቱም፣ ከዚያም በኋላ እንዲሁ አደረግሁ። ተማሪዎቹ ሳይመጡ ቀድሜ ገብቼ መዞሪያዋን ወደ ቦታዋ እመልሳለሁ። ሲገርመኝ የነበረው ሰው ሁሉ እንዴት ይህን ያህል ማስተዋል እንደተሳነው ነው።

ያሳበቀችብኝ ድመታችን ኦረን ናት። ዕድሜ ልኳን የሩዝ ጆንያ ላይ የምትተኛ ድመት፣ አንድ ጠዋት ሰባት አናት ላይ ባቲኩን አጣጥፋ ተንፈላስሳ ተገኘች። እናቴ ልታባርራት እጇን ሰደደች፤ እጇ እዚያው ቀረ።

«ቲታ። ይኼ ማሽን ለምን ሞቀ?»

«ድመቷ ተኝታበት ነው።»

«ድመቷ ለምን ተኛችበት?»

«ስለሚሞቅ።»

እናቴ ልትስቅ ምንም አልቀራትም፤ ከንፈሯን ነክሳ ያዘችው። ባቲኩን ገለጠች፤ የበራችውን ትንሽ መብራት አየች። ከዚያ መዞሪያዋን አዞረች፤ ፊደሎቹ ቀስ በቀስ አረንጓዴ ሆነው ብቅ አሉ። «ስንት ቀን ሆነው?»

እንባዬ መጣ። «እንዳታጠፊያት! ካጠፋሻት አባዬን ትረሳዋለች! ቦታው እስኪለቀቅለት ነው!»

«አባትሽ እዚህ ውስጥ ነው ያለሽ ማን ነው?»

«ማንግ ኦጃት። ማንን ይመስላል ስትይው በአውራ ጣቱ ጠቆመ። አይቼዋለሁ!»

እናቴ አገጬን በእጇ ያዘችና ፊቴን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። ዓይኔን አየች፣ ግንባሬን አየች፣ ወጣ ያለችውን ጆሮዬን በአውራ ጣቷ ዳሰሰቻት። አዲስ ዕቃ ገዝቶ እንከን እንደሚፈልግ ሰው ረጅም ጊዜ አየችኝ። የምትቆጣኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ጭኗን መታ መታ እያደረገች ትጠራኛለች።

«ነይ፣ ኔንግ» አለችኝ። ኔንግ የሚሉት ሴት ልጅን ሲያባብሉ ነው፤ እናቴ ደግሞ ማባበል አይሆንላትም። «ዛሬ አንድ ነገር አስተምርሻለሁ። ለዩዲ እንኳ ገና አልነገርኩትም።»

ለዩዲ ያልተነገረ ነገር! እንባዬን በእጅጌዬ ጠርጌ ጭኗ ላይ ወጣሁ።

«ጠቋሚ ቦታው የተለቀቀ ነገር ላይ ሲጠቁም ከኖረ ይሳሳታል» አለችኝ ከጆሮዬ ሥር። «የሰው ቤት ያንኳኳል። ያልሆነ ነገር ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ምን እናደርጋለን? እናሳርፈዋለን። ባዶ እናደርገዋለን። ባዶ አያስፈራም፣ ቲታ። የሚያስፈራው የሌለውን አለ ብሎ ሲያንኳኩ መኖር ነው።»

ጣቴን ይዛ አስጻፈችኝ። መጀመሪያ የጠቋሚውን ስም፣ አንዲት ፊደል ናት። ቀጥሎ እኩል ይሆናል። ቀጥሎ ዜሮ። በመጨረሻ ነጥብ ከላይ፣ ጭረት ከታች ያላትን ምልክት። አጭር መስመር ነበረች።

«ይህን ስጽፍ አባዬ ይመጣል?»

«ይህን ስትጽፊ ማንኳኳቱ ይቆማል» አለች።

በእኔ ሒሳብ ማንኳኳት የሚያቆመው ገብቶ የተቀመጠ ሰው ነው። በጣም ደስ አለኝ። መስመሯን ሳልሳሳት ስለጻፍኳት እናቴ አናቴን ሳመችኝ። ከዚያ እጄን በእጇ ሸፍና የማሽኑን ማጥፊያ አብረን ተጫንነው። ብርሃኑ ወደ መሃል ተሰብስቦ አንዲት ነጥብ ሆነ፤ እሷም ቆይታ ጠፋች።

በዚያው ቀን እናቴ ወደ ማድቤት ገብታ ከኒኒ ጋር በሩን ዘጋች። ስሰማ የኒኒ ድምፅ ከፍ አለ። በሩ ሲከፈት ኒኒ ልብሷን በሳሮንግ ሽርጧ ቋጥራ ልትወጣ ስትል፣ እናቴ ደግሞ ቋጠሮውን በሌላ በኩል ይዛ ስትጎትት አየሁ። ገመድ ጉተታ የሚጫወቱ መስሎኝ ሳቅሁ።

«ልቀቂኝ፣ ሩክሚኒ! ልጄ እንዲህ አዋርዶሽ እኔ በምን ፊቴ እዚህ እቀመጣለሁ? በየትኛው ዓይኔ አይሻለሁ?»

«እርስዎ የትም አይሄዱም» አለች እናቴ። ቋጠሮውን ቀማቻትና ደረቷ ላይ አቀፈችው። «አላማትዎ እዚህ ነው። ሰሙኝ? እሱ ቢሄድም የእርስዎ አላማት እዚህ ነው።»

ኒኒ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

እኔ ግን «አላማት እዚህ ነው» የሚለውን ሰማሁ፤ ከዚያ በላይ ምን እፈልጋለሁ? ምልክቱ ታየ ማለት ነው! በሩጫ ወጥቼ የጫማውን ክምር በረበርኩ። የሽቦ ማሰሪያ ያለው ጫማ አልነበረም። ነገ ነው የሚመጣው ብዬ ተመለስኩ።

መቼ መበርበር እንዳቆምኩ አላስታውስም። አባቴ ባታም ሌላ ቤት እንዳለው ከጎረቤት ወሬም ከኒኒ እንጉርጉሮም እየለቀምኩ፣ ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ። ስለ ልጅ ግን የነገረኝ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ መምህራችን ሰሌዳው ላይ ዛፍ ሲሥሉ፣ «ይኼ ወላጅ ነው፤ ይኼ ልጅ ነው» ሲሉ፣ የዚያን ቀን ጨዋታ ትዝ አለኝና እጄን ማንሣት አማረኝ። ልጁ ማንን ይመስላል ብዬ ልጠይቃቸው። እጄ መንገድ ላይ ቀረች። ማንም ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠይቅም። በፕሮግራም ውስጥ ልጅ ማንንም አይመስልም። ቦታው ሲለቀቅም «አትጥሩኝ» ብሎ የሚመልስ ማሽን እስካሁን አልተሠራም። ክፍሉ መሃል ተቀምጬ፣ እናቴና አጎቴ እኔና ኒኒ እያለን ያወሩት ስለ ምን እንደነበር ያኔ ገባኝ። ክፉኛ አለቀስኩ፤ አጠገቤ ያለችው ልጅ ዛፉ ያልገባኝ መስሏት ደብተሯን ሰጠችኝ።

አውራ ጣቱን ግን ያኔም አላሰብኩበትም። ማንግ ኦጃት ጥያቄው ጨንቆት ያገኘውን ማሽን አሳይቶ ያለፈ መሰለኝ። ሰባት በአእምሮዬ እንዲህ ሥር ሰዳ ነበር።

ኒኒ ከዚያ ቤት ሳትወጣ በእናቴ እጅ ነው ያረፈችው። ማሽኖቹ አርጅተው ተጣሉ፤ የባቲክ ልብሳቸውን ግን እስካሁን ማተሚያዬ ይለብሰዋል። እኔ በዚያው ክፍል ተቀምጬ ለውኃ ቆጣሪ ፕሮግራም እጽፋለሁ፤ በዚያችው ባለ አንድ ፊደል ቋንቋ። እናቴ ጉልበቷ እምቢ ስላላት ውስጠኛው በር አጠገብ ባለው ወንበር ላይ የመስቀለኛ ቃላት እንቆቅልሽ ስትሞላ ትውላለች።

ባለፈው የዝናብ ወቅት፣ አንድ እሑድ፣ በሩ ተንኳኳ። ቢራቢሮ የለ፣ ምን የለ። ከፈትኩ። ዝናብ ያበሰበሰው ጎልማሳ በሩ ላይ ቆሟል።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ይቅርታ እህቴ። የሶባሪ ቤት… የነበረው… ይኼ ነው?» አራቱን ጣቶቹን አጥፎ፣ በአውራ ጣቱ የበራችንን ቁጥር አሳየኝ። «ከባታም ነው የመጣሁት። ጊላንግ እባላለሁ። አላማቱ ይሥራ አይሥራ አላውቅም ነበር።»

 ግንባሩ የእኔ ነው፤ አገጩ የእኔ ነው። አንደኛዋ ጆሮው ከሌላዋ ወጣ ብላ ውኃ ታንጠባጥባለች። መስታወት ፊት የቆምኩ ነው የመሰለኝ። ያን ጊዜ፣ ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ፣ ማንግ ኦጃት አውራ ጣቱን ወዴት ዘርግቶት እንደነበር ታየኝ። ዞር ብዬ ከኋላዬ ፈለግሁ እንጂ እኔ ላይ ነበር ያረፈው። እናቴም አገጬን ይዛ ወደ ብርሃን ስታዞረኝ ያየችው ይህንኑ ልጅ ኖሯል። እኔን ስታሳድግ በየቀኑ እሱንም ስታይ ኖራለች፤ አንድም ቀን ፊቷ አልከፋብኝም። ወይ እናቴ!

«ቲታ! ማን ነው?» አለች ከውስጥ። «ዕቃ የሚያደርስ ነው?»

ከተቀመጠችበት እኔ እታያታለሁ፤ እሱ ግን በግድግዳው ተከልሏል። ወደ እሷ ዞርኩ። አራቱን ጣቶቼን አጠፍኩ። አውራ ጣቴን አጋድሜ ደረቴን ጠቆምኩ።

እናቴ እርሳሷን አስቀመጠች። መነጽሯን አወለቀች፣ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፣ መልሳ አደረገችው።  እሱ ከጀርባዬ ሊመለስ እግሩን ሲያነሣ ተሰማኝ።

«ታዲያ በዝናብ ምን ታቆሚዋለሽ?» አለች። «ጫማውን ያውልቅና ይግባ።»